የደጃፍ ወፎች፦ በአዲስ አበባና በደጋ ከተሞች ግቢ የሚታዩ አዕዋፍ

የጠፋ ወዳጅ ሲወቀስ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» ይባላል። ብዙ ሰው በዚህ ስም ከሚጠራቸው ወፎች አንዳንዶቹ ግን የትም አልሄዱም። ክረምት መራቢያቸው ስለሆነ ወንዱ በጥቁር ላባው ላይ ደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ የሚደርበው ያኔ ነው። በጋ ሲገባ ያን ልብስ ያወልቅና እንደ እንስቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ ከመንጋው ይቀላቀላል። አይተነው እናልፋለን እንጂ ዓመቱን ሙሉ አብሮን ነው።

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ለማየት ሩቅ መሄድ ይጠይቃል፤ የደጋውን ወፍ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ በየግቢው ታስጎበኛለች። የውጭ አገር ወፍ ተመልካች ባሕር ተሻግሮ የሚመጣላቸው አንዳንዶቹ እዚህ አጥር ላይ ያድራሉ።

አንዱ ኢቢስ ነው። ንጋት ላይ በቡድን ሆኖ ጣሪያ ለጣሪያ እየጮኸ የሚያልፈው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ትልቅ ወፍ እሱ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ዝናብ ባራሰው ሣር ላይ ሲወርድ በርጋታ ይራመዳል፤ ረጅሙን ቆልማማ መንቁሩን አፈሩ ውስጥ እየሰነቀረ ትልና እጭ ያወጣል። ጠጋ ብሎ ላየው፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ቁራጭ ሥጋ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ሲበር ደግሞ ክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ይታያል።

«የቁራ መልእክተኛ» ተብሎ ስሙ የጠፋው ቁራም የውጭ ተመልካች ከሚመጣላቸው አንዱ ነው። የደጋው ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ መንቁሩ ወፍራምና ጎባጣ ነው። በድንጋይ ሕንፃና በገደል የሚሰፍረው፣ ከአንገቱ ጀርባ ነጭ ቀለበት ያለው እርግብም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው።

ድንቢጥን የማያውቅ የለም። በልጅነቱ ስጥ ጠብቆ ያደገ ሰው ከማንም ይልቅ ጠባይዋን ያውቃል፦ መጀመሪያ አንዷ አጥር ላይ ታርፋለች፣ ዙሪያዋን ታያለች፣ ከዚያ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ትወርዳለች፤ ምንም ካልደረሰባት ሌሎቹ ይከተሏታል። ይህን ልብ ብሎ ማየት ራሱ የወፍ ምልከታ ነው።

ከሁሉም ግን እኔ የማደላው ለአበባ ማር መጣጩ ነው። ከተከዜ ወንዝ ስሙን ያገኘውና በ1814 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተሰየመው ዝርያ እሬት ባበበበት ግቢ ይመጣል። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ያብረቀርቃል። ቀጭኑን ጎባጣ መንቁሩን አበባው ውስጥ ነክሮ ወዲያው ወደ ሌላው ይዘላል።

ከመስከረም ጀምሮ እንግዶችም ይመጣሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽታ የምትመጣው፣ ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ ሣር ላይ ጅራቷን እያወዛወዘች ትሮጣለች፤ በበልግ ወራት ትመለሳለች።

ለምልከታ ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ባይኖኩላር ካለ መልካም፤ ከሌለ አንድ ቦታ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ሜርሊን የተባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ የስልክ መተግበሪያ ስም ለመለየት ይረዳል። በበጋ ከሁለት ጣት ያልጠለቀ ውሃ በዝርግ ሳህን ማስቀመጥና በየቀኑ መቀየር ብዙ ወፍ ይጠራል። በግቢ ውስጥ የተባይ መርዝ መርጨት ግን የሚበሉትን ያጠፋል፤ እነሱንም ይጎዳል። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ካለ ከመቆጣት ይልቅ ደብተር ሰጥቶ ክረምት ሲገባ የትኛው ቡናማ ወፍ መጀመሪያ ቢጫ ላባ እንደሚያወጣ እንዲመዘግብ መጠየቅ ይሻላል።