ኤድዋርድ ቦደን፦ ከባቡር ጣቢያ ግድግዳ እስከ ምኒልክ ግቢ

ኤድዋርድ ቦደን እንግሊዛዊ ሰዓሊ፣ የህትመት ባለሙያና ዲዛይነር ነበር። በ1903 ኤሴክስ ውስጥ ብሬንትሪ በምትባል ከተማ ተወለደ (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ቦደን ለቤቱ አንድ ልጅ ሲሆን፣ ዝምተኛና ዓይን አፋር ሆኖ አደገ።

በ1922 ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለንደን የሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገባ፤ ያውም ዲዛይን ክፍል። የዕድሜ ልክ ጓደኛው ኤሪክ ራቪሊየስን ያገኘው እዚያ ነው። መምህራቸው ሰዓሊው ፖል ናሽ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ከኮሌጅ ከወጡ በኋላ የለንደኑን ሞርሊ ኮሌጅ ግድግዳ በሥዕል ሞሉት። ሥራው በ1930 ተመረቀ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን በቦምብ ወደመ። አንድም ግድግዳ አልተረፈም።

ቦደንን የምወደው ሥራ ስለማይንቅ ነው። ለከርወን ማተሚያ ቤት ጌጣጌጥ ይሠራል። ለለንደን ትራንስፖርት ፖስተር፣ ለሼል ነዳጅ ማስታወቂያ፣ ፎርትነም ኤንድ ሜሰን ለተባለው ስመ ጥር መደብር ካታሎግ ይስላል። የግድግዳ ወረቀት፣ የሸክላ ሳህን ጌጥ፣ ከቀለጠ ብረት የሚሠራ የአትክልት ቦታ ወንበር ሳይቀር ነድፏል። ለሙዚየም የሚሆነውም ለሱቅ የሚሆነውም ከአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው የሚወጣው።

በ1932 ሻርሎት ኤፕተን የተባለች የኮሌጅ ጓደኛውን አገባ። አባቱ ግሬት ባርድፊልድ የሚባል መንደር ውስጥ ያለ ቤት ለሰርጉ ስጦታ ገዛላቸው። መንደሩ ቀስ በቀስ የሰዓሊዎች ሰፈር ሆነ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1940 መንግሥት የጦር ሰዓሊ አድርጎ ሾመው። መጀመሪያ ፈረንሳይ፣ ቀጥሎ ግብፅና ሱዳን ተላከ። በ1941 ወደ እኛ አገር ገባ። ፋሺስት ጣሊያን የተባረረበት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 (በእኛ አቆጣጠር) አዲስ አበባ የገቡበት ጊዜ ነው። ከመተማ ማዶ ያለችውን ገላባትን፣ አዲስ አበባ ደግሞ የምኒልክን አሮጌ ግቢ በውሃ ቀለም ስሏል። የሰው ፊት መሳል ብዙም ያልለመደ ሰው ነበር። ሰውን አጥንቶ መሳል የተማረው በእነዚህ የጦርነት ዓመታት ነው። ይሄ የታሪካችን ክፍል በአገራችን ብዙ አለመነገሩ ያስቆጨኛል።

መስከረም 1942 ለሁለቱ ጓደኛሞች ክፉ ወር ነበር። ራቪሊየስም የጦር ሰዓሊ ነበር። በወሩ በሁለተኛው ቀን አይስላንድ አካባቢ የተሳፈረበት አውሮፕላን ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልተገኘም። ከአሥር ቀን በኋላ ቦደን ወደ አገሩ የሚመለስባት ላኮኒያ የተባለች መርከብ አትላንቲክ ላይ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመታች። ቦደን በነፍስ አድን ጀልባ ቀናት ሲንገላታ ቆይቶ አንድ የፈረንሳይ መርከብ አነሳው። መርከቧ የናዚ ተባባሪው የቪሺ መንግሥት ስለነበረች ሞሮኮ ወስዳ አስረከበችው። እዚያ ታስሮ ቆይቶ፣ አሜሪካኖች ሰሜን አፍሪካ ሲገቡ ተፈታ። እንደገና ወደ ኢራቅና ጣሊያን ሄዶ መሳሉን ቀጠለ።

ከጦርነቱ በኋላ በጣም የታወቀው በሊኖ ህትመት ነው። ሊኖሊየም የሚባለውን የወለል ንጣፍ በስለት ይፈለፍለዋል፤ ሥዕሉን ገልብጦ ነው የሚቀርጸው። ሳይፈለፈል የቀረው ክፍል ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይደረብበታል፣ ይጫናል። ቀለም በተጨመረ ቁጥር ሌላ ሊኖ መቅረጽ ሊያስፈልግ ይችላል። ቦደን ወረቀቱን በእግሩ ረግጦ የሚያትምበት ጊዜ ነበር። የ1958ቱ የብራይተን ፒርና የ1960ው የሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ ህትመቶቹ በጣም ትልልቅ ናቸው። የጣቢያውን ጣሪያ ብረት አንድ በአንድ ለቅሞ መቅረጽ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት።

የለንደኑ ቪክቶሪያ የምድር ባቡር መስመር ሲሠራም ለሦስት ጣቢያዎች የሴራሚክ ሥዕል ነድፏል። ቪክቶሪያ ጣቢያ የንግሥት ቪክቶሪያ ጥላ ምስል፣ ሃይበሪ ግንብ፣ ቶተንሃም ሄል ጀልባ አላቸው። ዛሬም ተሳፋሪው ባቡር ሲጠብቅ ያያቸዋል።

በ1970 ሚስቱ ስትሞት ሳፍሮን ዋልደን ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። በ1989 በ86 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ መሥራቱን አላቆመም። ሥራዎቹን ማየት ለሚፈልግ በዚያችው ከተማ ፍራይ አርት ጋለሪ አለ። ራሱ ያበረከተው ትልቅ ስብስብ ቤድፎርድ ከተማ ሂጊንስ ሙዚየም ይገኛል። የጦርነት ዘመን ሥዕሎቹን ለማየት ደግሞ ለንደን ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም መሄድ ነው።