ስለ ዛይስ ማይክሮስኮፕ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ላብራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ማይክሮስኮፕ የሚሠራውን የጀርመን ድርጅት፣ «ዛይስ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ይወራበታል፤ ከሚወራው ግን ልክ ያልሆነ አለ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ማይክሮስኮፕን የፈለሰፈው ዛይስ ነው» ይባላል። አይደለም። ካርል ዛይስ ጀርመን ውስጥ ዬና ከተማ ትንሽ ወርክሾፕ የከፈተው በ1846 ነው። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ ግን በገዛ እጁ በሠራት ሌንስ ባክቴሪያ ያየው በ1670ዎቹ ነው።

«እሺ፣ ሌንሶቹን የቀመረው ግን እሱ ነው።» ይሄም አይደለም፤ እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ዛይስ የእጅ ባለሙያ ነበር። በዚያ ዘመን ሌንስ የሚሠራው በሙከራ ነው፤ መስታወቱን ሞርዶ መግጠም፣ ማየት፣ ካልሆነ መቀየር። ዛይስ ይሄ አላረካውም። በ1866 የ26 ዓመቱን የፊዚክስ መምህር ኤርንስት አቤን ይዞ በስሌት እንዲሠራለት ጠየቀው። አቤ ቀመረ፣ ሠራተኞቹም በቀመሩ መሠረት ሞረዱ፣ ውጤቱ ግን በሙከራ ከተሠሩት የባሰ ሆነ! አቤ የምስሉን ጉድለት ለመቀነስ ብሎ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን አጥብቦት ነበር። ለምን እንደከሸፈ ሲመረምር ትልቁን ነገር አገኘ። ብርሃን ረቂቅ ነገር ላይ ሲያርፍ ወደ ጎን ይበተናል፤ ሌንሱ ያንን የተበተነ ብርሃን ካልሰበሰበ ረቂቁ ነገር ምስሉ ላይ ጭራሽ አይመጣም። ከ1872 ጀምሮ የዛይስ የማይክሮስኮፕ ሌንሶች በአቤ ስሌት ተሠሩ።

«ብዙ የሚያጎላ ይበልጣል» የሚለው ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። «2000 እጥፍ» ስለተባለ ብቻ የሚገዛ አለ። አቤ እንዳሳየው በተራ ብርሃን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማየት የሚቻለው በመካከላቸው ያለው ርቀት እስከ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ ሚሊሜትር 5,000ኛ ነው። ከ1,400 እጥፍ ገደማ በላይ ብታጎላው ስልክ ላይ ያለ ፎቶ እንደመለጠጥ ነው፤ ብዥታው ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይታይም። ኦብጀክቲቩን፣ ማለትም ወደሚታየው ነገር የሚጠጋውን ሌንስ፣ አዙራችሁ እዩት፤ «100/1.25» ዓይነት ጽሑፍ አለበት። ሁለተኛው ቁጥር ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙን ይናገራል፤ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አንብቡ።

በብዛት በሚያጎላው ኦብጀክቲቭ ሲታይ በሌንሱና በስላይዱ (ናሙናው ባለበት መስታወት) መሀል ስለሚጠበጠበው ዘይትም «ሌንሱ እንዳይጫር ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። አይደለም። ብርሃን ከስላይዱ መስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይታጠፍና ብዙው ይባክናል። ዘይቱ ብርሃንን የሚያጥፈው ልክ እንደ መስታወት ስለሆነ ብርሃኑ መሀል ላይ አየር ሳያገኝ ቀጥ ብሎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ዛይስ ይሄን ሌንስ ሲያወጣ ከጥድ ዓይነት እንጨት የሚወጣ ዘይት ነበር የሚጠቀሙት። ሮበርት ኮክ በማርች 24፣ 1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሲያሳውቅ በዛይስ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ዛሬ አንድ ጤና ጣቢያችን ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ወባ ለማየት የደም ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጋ 100 እጥፍ የሚያጎላውን ኦብጀክቲቭ ስታዞር የምትጠቀመው ያንኑ ዘዴ ነው። አደራ፣ ዘይቱ 40 እጥፍ የሚያጎላውን እንዳይነካ፤ እሱ ለአየር የተሠራ ነው፣ ምስሉ ይደበዝዛል።

«አቤ ያሰመረው ወሰን አይታለፍም» የሚሉም አሉ። የሚታየው ነገር ራሱ እንዲያበራ በሚያደርገው በፍሎረሰንስ ዘዴ ታልፏል፤ የ2014ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው ለዚያ ነው።

የመጨረሻው፣ «አዲስ ነገር ሁሉ ከዛይስ ይወጣል» የሚለው ነው። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዘርኒከ ሕይወት ያለውን ሴል ቀለም ሳይነከር ማየት የሚያስችለውን ፌዝ ኮንትራስት ይዞ በ1932 ዬና ድረስ ሄዶ ነበር። ጥቅም ቢኖረው ኖሮ እኛው ቀድመን በፈለሰፍነው ነበር ብለው መለሱለት። ዛይስ በኋላ ራሱ ሠርቶ ሸጠው፤ ዘርኒከም በ1953 የፊዚክስ ኖቤልን ወሰደበት።