በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ማነስ፦ በድሬዳዋና በሐረር

የደም ግፊት ከ90/60 ሲወርድ በተለምዶ «ዝቅ ያለ» ይባላል። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግን ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የደም ሥሮችን ስለሚያላላ ግፊቱ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ይቀንሳል፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ገደማ ከሁሉም ዝቅ ይልና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። 110/70 የነበረች ሴት በአምስተኛ ወሯ 95/60 ብትገኝና ምንም ባይሰማት መድኃኒት አያስፈልጋትም።

ድሬዳዋ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ሙቀቱ። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፣ ላብ ደግሞ ውሃውንና ጨዉን ይወስዳል። ጠዋት ደህና የነበረች ሴት እኩለ ቀን ላይ ቀፊራ ገበያ ቆማ ስትገበያይ ዓይኗ የሚጨልመው፣ ጆሮዋ የሚጮኸው፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያጠምቃት ለዚህ ነው። ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋው ሐረር ቀዝቀዝ ስለምትል ይህ ችግር እዚያ ይቀላል።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው በስሙ ነው። «ደም ማነስ» እና «የደም ግፊት ማነስ» አንድ አይደሉም። ደም ማነስ የሚታወቀው በሄሞግሎቢን ምርመራ ሲሆን በእርግዝና በዴሲ ሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ከሆነ (በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት ከ10.5) ይታከማል፤ ግፊት የሚታወቀው በመለኪያው ነው። ሁለቱም ያዞራሉ፣ አንዲት ሴት ላይም አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ማዞሩ የግፊት ነው ብሎ የአይረን እንክብልን መተው ትልቅ ጉዳት ነው። እንክብሉ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተራርቆ ይወሰድ፤ ሁለቱም የአይረኑን መመጠጥ ይቀንሳሉ።

አለካኩም ያሳስታል። ሴትየዋ 5 ደቂቃ ዐርፋ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር ትቀመጥ፤ ክንዷ በልብ ትክክል ይሁን። ክንድ ወደ ላይ ከፍ ካለ ወይም ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ማሰሪያ ለቀጭን ክንድ በጣም ከሰፋ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። ከ20 ሳምንት በኋላ በጀርባዋ ተንጋላ ከተለካችም እንዲሁ፤ የከበደው ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ሥር ይጫነዋል። ወደ ግራ ጎኗ ስትዞር ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል። ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ ተኝታ፣ ከዚያም በቆመች በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካላት፤ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ችግሩ ከአቀማመጥ ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው።

የቤት ውስጥ ጥንቃቄው ቀላል ነው፣ ግን በየቀኑ መደረግ አለበት። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ ይጠጣ፤ ሽንት የጠቆረ ሻይ ከመሰለ አልበቃም ማለት ነው። ሦስት ትልልቅ ምግብ ከመብላት አምስት ትንንሽ ይሻላል። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ በጎን መዞር፣ ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም። ገበያ በጠዋት፣ ልብስ እንደ ዲሪያ ሰፋና ሳሳ ያለ። ነፍሰ ጡር በረመዳን እንድታፈጥርና በኋላ እንድትከፍል ሸሪዓው ይፈቅድላታል፤ በተለይ በሙቀት ወራት ይህን ፈቃድ መጠቀም ተገቢ ነው።

ማዞሩ ሲጀምራት ወዲያው ትቀመጥ ወይም በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ልብሷ ይላላ፣ አንገቷና ፊቷ በእርጥብ ጨርቅ ይቀዝቅዝ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አይሰጥ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ተበጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ። ቡናን በጨው ደጋግሞ መጠጣት ግን መፍትሔ አይደለም። ጫት ደግሞ ግፊትንና የልብ ምትን ለጊዜው ቢያስነሳም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሰውነትን ያደርቃል፣ ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋርም የተያያዘ ነው።

ትኩሳት ከተጨመረ ነገሩ ይለወጣል። ድሬዳዋ በትንኝ ከሚተላለፉ የትኩሳት በሽታዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ወባም አለ። ደንጊ የሚያታልለው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው፤ ግፊት በድንገት የሚወርደው ብዙውን ጊዜ በዚያን ሰዓት ነው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አይወሰድም፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ደም መፍሰስ ነው። የነፍሰ ጡር ደም መጠን ስለሚጨምር ብዙ ደም ፈሷትም ግፊቷ ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል፤ ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት ነው። ዐርፋም ምቷ በደቂቃ ከ110 በላይ ከሆነ፣ እጇ ከቀዘቀዘ፣ ሆዷ ወይም ትከሻዋ አጥብቆ ከታመመ፣ ደም ካየች፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ውሃ እንኳ አልቆይላት ካለ፣ ቤት ውስጥ ውሃ እያጠጡ ጊዜ መግደል አይገባም። በግራ ጎኗ እንደተኛች፣ ደም ሊሰጥ የሚችል ሰው አብሯት ይዞ፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ መውሰድ ነው።