ሰው ሠራሽ ጫጫታ በባሕርና በሐይቅ ዓሦች ጠባይ ላይ

የመርከብ ሞተር፣ የነዳጅ ፍለጋ የአየር መድፍ፣ በባሕር ወለል ላይ እየተቀጠቀጠ የሚተከል የብረት ምሰሶና ለጉብኝት የሚያገለግል ትንሽ ጀልባ በውኃ ውስጥ የሚፈጥሩት ድምፅ ዓሣ የሚመገብበትን፣ የሚራባበትን፣ የሚሰደድበትንና ከጠላት የሚያመልጥበትን ሁኔታ ይለውጣል። ጫጫታ ዓሣን የሚገድለው ምንጩ እጅግ ሲቀርብና ሲበረታ ነው። ከዚያ ወዲያ ባለው ሰፊ ውኃ ዓሣው በሕይወት ይኖራል፣ ግን እንደ ወትሮው አይሆንም። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ይህንኑ የጠባይ ለውጥ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓሣ እንዴት ይሰማል

ዓሣ ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለውን የቆየ ክርክር በአብዛኛው የዘጋው ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ ዓይነ ስውር የሆነ ከአምባዛ ወገን ያለ ትንሽ ዓሣ በፉጨት ሲጠራ ለምግብ ብቅ እንደሚል አሳየ።

ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ ይበልጣል። የድምፅ መጠን የሚለካበት ዴሲቤል በውኃ ውስጥ መነሻው ከአየሩ የተለየ ስለሆነ ቁጥሩን ከአውሮፕላን ወይም ከጭፈራ ቤት ጩኸት ጋር በቀጥታ የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች አንባቢን ያሳስታሉ።

ከውጭ የሚታይ ጆሮ ባይኖረውም፣ ዓሣ በራስ ቅሉ ውስጥ ስስ ፀጉር ባላቸው ሕዋሳት ላይ ያረፉ የጆሮ ድንጋዮች አሉት። ድምፅ ሲመጣ ገላው ከውኃው ጋር ይርገበገባል፤ ድንጋዮቹ ከብደው ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ፀጉሮቹ ይታጠፋሉ። የአየር ከረጢት ያለው ዓሣ የድምፁን ግፊትም ሊለይ ይችላል፤ ከረጢቱ ከጆሮው ጋር በተቀራረበ መጠን የመስማት ችሎታው ይሰፋል። የአትላንቲክ ማከሬል ከረጢት የለውም። ኮድ ከረጢት ቢኖረውም ከ500 ኸርዝ (በሴኮንድ 500 ርግብግቢት) በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አይሰማም። የካርፕና የአምባዛ ወገኖች ግን ከረጢቱን ከጆሮ ጋር በሚያገናኙ ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት እስከ ጥቂት ሺህ ኸርዝ ይሰማሉ። ስለዚህ የትኛው ዓሣ እንደሆነ ሳይገለጽ “ጫጫታ ዓሣን ይረብሻል” ማለት ብዙ አያስኬድም።

የኖርዌይ ሙከራዎች

ነዳጅ ፈላጊ መርከብ የታመቀ አየር የሚለቁ መድፎችን ከኋላው ይጎትታል። መድፎቹ በየጥቂት ሴኮንዱ ይተኩሳሉ፤ ከወለሉ በታች ካለው አለት የሚመለሰው ማሚቶ የከርሰ ምድሩን አቀማመጥ ያሳያል። እነዚህ መርከቦች በመጡ ቁጥር ባሕሩ ዓሣ ያጣል የሚለውን የአስጋሪዎች አቤቱታ እንደ ተራ ማማረር ሳይቆጥር በተግባር የፈተነው፣ በ1900 የተመሠረተውና መቀመጫው በርገን የሆነው የኖርዌይ የባሕር ምርምር ተቋም ነው። ተቋሙ በ1992 በባረንትስ ባሕር፣ ከኖርድካፕ ወጣ ብሎ ባለ የማስገሪያ ሥፍራ ያካሄደውና በ1996 የታተመው ሙከራ ዛሬም የመስኩ ዋቢ ነው።

ተመራማሪዎቹ ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት ለ7 ቀናት፣ በተኩሱ ወቅት ለ5 ቀናት፣ ካበቃም በኋላ ለ5 ቀናት በሚጎተት መረብና ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ኮድና ሃዶክ አሰገሩ። የተኩሱ ቦታ 3 በ10 የባሕር ማይል ብቻ ነበር፤ የሚሰገረው አካባቢ ግን 40 በ40 የባሕር ማይል ይሸፍን ነበር። በተኩሱ ቦታ በመረብ የሚያዘው ዓሣ በ70 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ በመላው አካባቢ ደግሞ በግማሽ ያህል ወረደ። ከ60 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት ዓሦች ከትንንሾቹ ይልቅ ጠፉ። ዓሣን በድምፅ የሚፈልጉት የማሚቶ መለኪያዎችም ተመሳሳይ ነገር ስላሳዩ ዓሣው እዚያው ሆኖ መረቡን ብቻ ሸሸ ለማለት አይቻልም። ተኩሱ በቆመ በ5 ቀናት ውስጥም ምርቱ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በአንድ ቦታ አንዴ የተደረገ ሙከራ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ በጥንቃቄ የተሠራ ሌላ ግን በቀላሉ አይገኝም።

ተቋሙ በ2009 በቬስተሮለን አቅራቢያ ያገኘው ውጤት ነገሩን አወሳሰበው። በተኩሱ ወቅት በውኃ ውስጥ ቆሞ በሚጠብቅ መረብ የሚያዘው የግሪንላንድ ሃሊበትና ቀይ ዓሣ ጨመረ፤ በመንጠቆ የሚያዘው የግሪንላንድ ሃሊበትና ሃዶክ ግን ቀነሰ። አንዱ ዝርያ በመረብ ሲበዛ በመንጠቆ አነሰ ማለት ነው። የተሰጠው ማብራሪያ አሳማኝ ነው፤ ቋሚ መረብ የሚይዘው የሚንቀሳቀስን ዓሣ ስለሆነ ተረብሾ ወዲያ ወዲህ የሚል ዓሣ ይበዛለታል። መንጠቆ ደግሞ የመብላት ፍላጎት ያለው ዓሣ ይፈልጋል። የአስጋሪው ምርት ጨመረ ማለት ዓሣው አልተረበሸም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

በ2021 የታተመ የቤልጅየም ባሕር ጥናት ምልክት የታሰረባቸው ኮዶች በተኩሱ ጊዜ ወዲያው እንዳልሸሹ፣ ነገር ግን እንቅስቃሴያቸውን እንደቀነሱና ተኩሱ ካበቃ ከሁለት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ከሚጠበቀው ቀደም ብለው አካባቢውን እንደለቀቁ አመልክቷል። በኖርዌይ የመራቢያ ሥፍራ የተጠኑ ኮዶች ደግሞ ተኩሱን ችለው የቆዩ ይመስላል። ዓሣው ለመራባት በመጣበት ቦታ ብዙ ነገር ይታገሥ ይሆናል።

የምርምር መርከብና ሄሪንግ

የዓሣ ክምችት የሚቆጠረው በመርከብ ስለሆነ ዓሣው ቆጣሪውን መርከብ ከሸሸ ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል። በዚህ ሥጋት በ1995 የምርምር መርከቦች በ11 ኖት (በሰዓት 11 የባሕር ማይል) ሲጓዙ ሊያሰሙት የሚገባው ድምፅ ጣሪያ ተመከረ። በሰሜን ባሕር ጸጥተኛዋ የስኮትላንድ የምርምር መርከብ ስኮሺያ ከፊቷ ሰው አልባ የውኃ ውስጥ መሣሪያ ልካ የሁለቱ የሄሪንግ ቆጠራ ተመሳሳይ ሆኖ ስለተገኘ ነገሩ የተፈታ መስሎ ነበር። በ2007 የታተመው የኖርዌይ ሙከራ ግን ሄሪንግ በዚሁ መስፈርት የተሠራችውን ጂ. ኦ. ሳርስን ከተለመደችው ዮሃን ዮርት ይልቅ አጥብቆና ረዘም ላለ ጊዜ እንደሸሻት አሳየ። ተቋሙ በራሱ ውድ መርከብ ላይ የመጣውን ይህን ውጤት ሳይሸሽግ ማሳተሙ ያስመሰግነዋል። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል፤ መርከቡ ውኃውን ሲገፋ የሚፈጥረው እጅግ ወፍራም ድምፅ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ።

የኮራል ሪፎች

ሪፍ ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት የውኃ ውስጥ ቋጥኝ ነው። በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ በሊዛርድ ደሴት ዙሪያ የተደረጉት ጥናቶች የሚያተኩሩት በትንሽ የሞተር ጀልባ ላይ ነው። በ2016 የታተመው ሥራ ጀልባ ሲያልፍ ለአደጋ ምላሽ መስጠት የዘገዩ ትንንሽ ዳምሰልፊሽ የተባሉ ዓሦችን ዶቲባክ የተባለው አዳኝ ከሁለት እጥፍ በላይ እንደያዘ አሳይቷል። ለአንዱ ጉዳት የሆነው ለሌላው ሲሳይ ሆኗል።

ከሁሉ ይበልጥ በቅርበት የታየው ስፓይኒ ክሮሚስ ነው። ይህ ዓሣ እንደ ብዙዎቹ የሪፍ ዓሦች ልጆቹን ለማዕበል አይተውም፤ ወላጆቹ እንቁላሎቹን በክንፋቸው እያራገቡ ኦክስጅን ያደርሱላቸዋል፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ይጠብቋቸዋል። የጀልባ ድምፅ በተለቀቀባቸው ጎጆዎች ወላጆቹ ቁጡ ሆኑ፣ ምግብም ቀነሱ፤ ከ19 ጎጆዎች በ6ቱ ጫጩቶቹ በሙሉ አለቁ። በ2022 የታተመው ተከታይ ሥራ ደግሞ በተፈጥሮ ሪፍ ላይ የተደረገ ነው። በሦስት ሪፎች ጀልባዎች በ100 ሜትር ክልል እንዲርቁ ወይም እንዲያዘግሙ ተደረገ፤ በሌሎች ሦስት እንደ ወትሮው ተመላለሱ። እስከ መራቢያው ወቅት ፍጻሜ ድረስ ልጆች የቀሩባቸው ጎጆዎች በጸጥተኞቹ 65 በመቶ፣ በሚበዛባቸው 40 በመቶ ሆኑ። ይህን ለማድረግ ያስፈለገው ጀልባ ነጂዎችን ማስማማት ብቻ ነበር።

የሚዋጥ ጥሪ

ብዙ ዓሦች ድምፅ ያሰማሉ። ወንዱ ኮድ በመራቢያ ወቅት የአየር ከረጢቱን በጡንቻ እያርገበገበ ያጉረመርማል፤ የመርከብ ጫጫታ ይህን ጥሪ ሲውጠው የሚሰማበት ርቀት ያጥራል። በኒውዚላንድ ሃውራኪ ባሕረ ሰላጤ በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ጀልባዎች ሲቆሙ ዓሦችና ዶልፊኖች የሚደማመጡበት ርቀት እስከ 65 በመቶ እንደሰፋ ተሰልቷል።

ደንቦች

ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ስለ መርከብ ድምፅ በ2014 ያወጣውንና በ2023 ያሻሻለውን መመሪያ ማክበር በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ጀርመን ምሰሶ ሲተከል ከ750 ሜትር ርቀት የሚለካው የእያንዳንዱ ምት የድምፅ መጠን ከ160 ዴሲቤል እንዳያልፍ ደንግጋለች፤ የታሰበው ዶልፊን ለሚመስለው አጥቢ እንስሳ ለፖርፖይዝ ቢሆንም ድምፁን የሚሰብረው የአየር አረፋ መጋረጃ ዓሣንም ይጠቅማል። ኖርዌይ በፍለጋ መርከቦች ላይ የዓሣ ሀብት ባለሙያ እንዲሳፈር ታስገድዳለች።

ጣና

የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በጣና ሐይቅ ላይ ለንግድ ማስገር በስፋት የገቡት በ1986 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሥራው የደንገል ታንኳ ነበር። ሐይቁ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 የሚደርሱ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች መኖሪያ ነው። ላቤኦባርበስ የካርፕ ወገን በመሆኑ ጥሩ ከሚሰሙት ዓሦች ይመደባል፤ አምባዛም እንዲሁ። ቀረሶ ግን እነዚያ ጥቃቅን አጥንቶች የሉትም። ሐይቁ በአማካይ ከ10 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ስላለው እጅግ ወፍራም ድምፅ ሩቅ አይሄድበትም፤ የትንሽ ሞተር ቀጭን ድምፅ ግን ይሄዳል። ላቤኦባርበስ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች መግቢያ ይሰበሰባል፤ ተመራማሪዎች የቁጥሩን መመናመን የሚያያይዙትም ሞተሩ ከሚያሰማው ድምፅ ጋር ሳይሆን ሞተሩ እዚያ ድረስ ካደረሰው መረብ ጋር ነው።