«ማሽኑ ይነቀል» ማለት «ይገደል» ማለት ነው እንዴ?

ባለፈው ድሬዳዋ ከዚራ በርጫ ላይ የአንድ ጓደኛችን አጎት ነገር ተነሳ። ስትሮክ መቶት አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ከገባ ሶስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ራሱን አያውቅም፣ ቤተሰቡም መተንፈሻ ማሽኑ ይነቀል አይነቀል ብሎ ለሁለት ተከፍሏል። እዛ የተወራውን ስሰማ አቦ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ማሽን መንቀል ነፍስ ማጥፋት ነው።» ይሄን የማይል የለም። ሰው እንዲሞት ብሎ መርፌ መውጋት እኛ ሀገር በሽተኛው ራሱ ለምኖም ቢሆን ወንጀል ነው፣ ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት እንኳ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 542 ያስቀጣል። ግን ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አይጠቅመውም ያሉትን ህክምና ማቆም በህክምና ስነምግባር ከዛ ጋር አንድ አይደለም፣ ያኔ የሚገድለው በሽታው ነው። «ሃራም ነው» ላለውም ልጅ ነገርኩት፣ አለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ ተሰብስቦ አእምሮው ሙሉ በሙሉ ስራ አቁሞ እንደማይመለስ ስፔሻሊስቶች ካረጋገጡ ማሽኑን ማንሳት ይቻላል ብሏል። ልብ በሉ፣ አእምሮው ከሞተ ነው ያሉት፣ ኮማ ሌላ ነው፣ ከኮማ የነቃ ስንት ሰው አለ።

«ከነቀሉት በደቂቃ ያልቃል።» ሁሌ አይደለም። አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ካረን አን ኩዊንላን የምትባል ወጣት ነበረች፣ በ1976 ወላጆቿ ፍርድ ቤት አስፈቅደው መተንፈሻው ተነሳላት፣ ልጅቷ በራሷ እየተነፈሰች እስከ 1985 ኖረች። አልነቃችም ግን።

«ምግብ ከከለከልነው በረሃብ ገደልነው።» ይሄኛው ሆዴን ይበላዋል ምክንያቱም ክፋት የለበትም፣ ፍቅር ነው። ግን ሊሞት የተቃረበ ሰው ሰውነቱ ራሱ ምግብ መፈለግ ያቆማል፣ መዋጥ ያቃተውን ሰው አፍ በግድ እየከፈቱ ሾርባ ሲያንቆረቁሩበት ሳንባው ውስጥ ይገባና ኒሞኒያ ያመጣበታል። ጎረቤቱ አፎቻው (እድሩ) «እናታቸውን ጾሟን ሸኟት» እንዳይል ተብሎ የሚደረግ ነገር ብዙ ነው። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡለት፣ እጁን ያዙት።

«የሚወስነው ታላቁ ልጅ ነው» ወይ ደግሞ ካናዳ ሆኖ ብሩን የሚልከው። አይደለም ወገን! በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ሰው ህክምና አልፈልግም የማለት መብት አለው፣ መብቱ የሰውየው ነው፣ የኪሱ አይደለም። ራሱን ሲስት ቤተሰብ ሊጠይቅ የሚገባው «እኛ ምን እንፈልጋለን» ሳይሆን «እሱ አፍ ቢኖረው ምን ይል ነበር» ነው፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ማንም አያውቅም። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ቴሪ ሺያቮ የምትባል ሴት በ1990 ራሷን ስታ ወደቀች፣ የጻፈችው ነገር አልነበረም፣ ባሏ «እንዲህ መኖር አልፈልግም ብላኛለች» ሲል ወላጆቿ አይሆንም ብለው አመታት ሙሉ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ቆይተው የምግብ ቱቦዋ ለመጨረሻ ጊዜ የተነቀለው መጋቢት 2005 ነው፣ በ13 ቀኗ አረፈች። ባልና አማት ከዛ በኋላ እንዴት እንደተያዩ አስቡት።

እኔም ማታ እማዬን ጠየቅኳት። «ሟርትህን እዛው!» ብላ ተነስታ ሄደች። ሐሙስ ቡና ላይ ግን ራሷ አነሳችው፣ ቱቦ አልፈልግም፣ ካመመኝ ማስታገሻ ብቻ ስጡኝ፣ ቤቴ ውስጥ ልሁን አለች። እህቶቼ ባሉበት ድገሚው ብያታለሁ፣ እሁድ ከሐረር ይመጣሉ።