ኤ.ኬ.ኤ የወንጀለኛ ምልክት አይደለም፦ ስለ «ኤይሊያስ» የምንሳሳተው

አሜሪካ ላለን ሰዎች ነው ይሄን የምጽፈው። የግሪን ካርድ ፎርም አይ-485 እስከዛሬ የተጠቀምክባቸውን ሌሎች ስሞች በሙሉ ጻፍ ይላል፣ እዛ ጋ ሲደርሱ ደንግጠው «የለኝም» ብለው የሚያልፉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፣ «ኤይሊያስ» (alias፣ ሌላ መጠሪያ ስም) የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከኤፍቢአይ ተፈላጊዎች ፖስተር ነዋ።

«ኤይሊያስ ያለው ሰው የሚደብቀው ነገር አለ»
የለውም። ቃሉ ላቲን ነው፣ «በሌላ አጠራር» እንደማለት፣ ኤ.ኬ.ኤ ማለትም ያው «እንዲህም ይባላል» ነው። ሁለት ስም መኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ በስሙ ሰው ሲታለልበት ነው ወንጀል የሚሆነው።

«እኔ ስሜን ቀይሬ አላውቅም፣ አይመለከተኝም»
አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አገር ቤት ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፣ እዚህ መጥታ የባሏን ከወሰደች ግን የድሮው ስሟ «ሌላ ስም» ሆኖ ይጻፋል። አንዱ ወረቀት ላይ ላስት ኔምህ የአባትህ ሌላው ላይ የአያትህ ከሆነም ሁለቱንም አስገባ። ቅጽል ስምን ፎርሙ ራሱ በግልጽ ይጠይቃል። የክርስትና ስምስ ካላችሁ፣ ለማስረጃ የምታስገቡት የጥምቀት ካርድ ላይ እሱ ካለ ጻፉት፣ አለበለዚያ የኢሚግሬሽን መርማሪው የሚያየው የሁለት ሰው ወረቀት ነው።

«ብዙ ስም ከጻፍኩ ይጠረጥሩኛል»
እንደውም ጣጣ የሚያመጣው ያልጻፍከው ስም በአሻራ ሲወጣ ነው፣ ሆን ብሎ መደበቅ ደሞ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል። ስደት ላይ እያለ በሌላ ስም የተመዘገበ ሰው ግን እባካችሁ ብቻውን አይሙላ፣ ጠበቃ ያናግር።

ጆን ዶ ምናምን የሚባለውም ኤይሊያስ አይደለም፣ ማንነቱ ላልታወቀ ወይ እንዳይገለጥ ለተፈለገ ሰው ፍርድ ቤት የሚጠቀምበት መጠሪያ ነው። በ1973ቱ የሮ እና ዌድ ክስ፣ ስለ ውርጃ መብት በነበረው፣ ከሳሿ «ጄን ሮ» የተባለችው እንደዛ ነው።

«ኤይሊያስ ሁሌ ስለ ስም ነው»
ይሄኛው አደገኛ ነው። ኤይሊያስ ሰመንስ ማለት የመጀመሪያው መጥሪያ ሳይደርስ ሲቀር የሚወጣ ሁለተኛ መጥሪያ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ደሞ ኤይሊያስ ዋራንት አለ፣ ለምሳሌ የትራፊክ ቲኬት ተቀብሎ በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ የቀረ ሰው ላይ የሚወጣ የመያዣ ትእዛዝ ነው፣ ስለዚህ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ከመጣላችሁ «የሌላ ሰው ስም ነው፣ ተሳስተው ነው» ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ በዛው ቀን ጠበቃ ጋ ወይ ፍርድ ቤቱ ጋ ደውሉ።