ሳቫናን በሁለት ቀን ለመጎብኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አትላንታና አካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ረዘም ያለ የሳምንት መጨረሻ ሲያገኝ፣ ወይም ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣለት፣ «የት እንሂድ?» ተብሎ ከሚነሱት ስሞች አንዱ ሳቫና ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ኦግልቶርፕ በ1733 የቆረቆራት ይህች የወንዝ ዳር ከተማ ከጆርጂያ ከተሞች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እርሷ ከሚወራው ግን አብዛኛው ከፎቶግራፍ የተቀዳ ነው፤ የቀረው ደግሞ አስጎብኚ ለአስጎብኚ ሲያቀብለው የኖረ ተረት። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ግማሽ ቀን በተሳሳተ ግምት ካባከነ የጉዞው ሩብ ሄደበት። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ከአትላንታ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል»

መንዳቱ ይቻላል፤ መጎብኘቱ ግን አይቻልም። ርቀቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ75 ቁጥር አውራ ጎዳና እስከ ሜከን፣ ከዚያ በ16 ቁጥር ወደ ምሥራቅ። መንገዱ ካልተጨናነቀ አራት ሰዓት ግድም ይፈጃል፤ ደርሶ መልስ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ከሜከን በኋላ ያለው ጎዳና ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ጥድ የሆነ፣ እንቅልፍ የሚጋብዝ ነው፤ በሌሊት ደግሞ አጋዘን ይሻገርበታል። እናት አባትንና ሕፃናትን ጭኖ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ለማንም አይበጅም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይታደር፤ ሁለት ሌሊት ከሆነ እሰየው።

«የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ሆቴላችን ከአሸዋው አጠገብ ይሆናል»

አይሆንም። ሳቫና ያለችው በስሟ በሚጠራው ወንዝ ላይ ነው። በወንዙ ዳር ቆሞ የሚታየው ባሕር ሳይሆን ኮንቴይነር የጫነ ግዙፍ መርከብ ነው፤ የሳቫና ወደብ ከአገሪቱ ትላልቅ የኮንቴይነር ወደቦች አንዱ ነውና። ልጆች በጣም ይወዱታል። አሸዋውና ማዕበሉ ታይቢ ደሴት ላይ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ። ወደ ደሴቱ የሚያስገባው የመኪና መንገድ 80 ቁጥር ብቻ ሲሆን የባሕሩ ሙላት ከፍ ባለ ጊዜ ውኃ ይተኛበታል፤ ከመውጣት በፊት የሙላቱን ሰዓት ማየት ይገባል። መዋኘት ዋናው ዓላማ የሆነ ቤተሰብ ታይቢ ይደር፤ ከተማዋን ማየት የፈለገ ከተማዋ ውስጥ።

«ያለ መኪና አንቀሳቀስም»

ታሪካዊው ሰፈር ለእግረኛ የተሠራ ነው። ከወንዙ እስከ ፎርሳይት መናፈሻ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መንገዱም በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው። መኪናው ሆቴል ይቁም። ጥንቃቄ የሚያሻው ወደ ወንዙ ሲወረድ ነው፦ እዚያ ያለው መንገድ የተነጠፈው የጥንት መርከቦች ለሚዛን ይጭኑት በነበረው ድንጋይ ነው፤ ደረጃዎቹም ቀጥ ያሉና ያልተስተካከሉ ናቸው። ተረከዝ ያለው ጫማ ይቅር። ጉልበት የሚያምማቸው አዛውንት ካሉ በአሳንሰር መውረድ ይቻላል።

«አደባባዮቹን ሁሉ ካላየሁ አየሁ አይባልም»

ከጥንቶቹ 24 አደባባዮች ዛሬ ያሉት 22 ናቸው። ሁሉንም ለማዳረስ የሚሮጥ ሰው በመጨረሻ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል። በበኩሌ የምመክረው የቡል ጎዳናን ይዞ ከወንዙ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ጆንሰን፣ ራይት፣ ቺፐዋ፣ ማዲሰን፣ ሞንተሬይ የተባሉት አምስት አደባባዮች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ መጨረሻው ፎርሳይት መናፈሻና በ1858 የቆመው ነጭ ፏፏቴ ነው።

በራይት አደባባይ ረጋ ይበሉ። ኦግልቶርፕ ሲመጣ ያንን መሬት ይዞ የነበረው ቶሞቺቺ የተባለው የያማክሮ ሕዝብ አለቃ ነው። እንግሊዞቹን በሰላም ተቀብሎ አስፍሯቸዋል፤ በ1739 ሲሞትም በክብር የተቀበረው በዚህ አደባባይ መካከል ነበር። ነገር ግን በ1883 የባቡር ኩባንያ መሥራችና ፕሬዚዳንት ለነበረ ሰው ትልቅ ሐውልት ሲቆም የተመረጠው ቦታ ያው የመቃብሩ ስፍራ ሆነ። ዛሬ ቶሞቺቺን የሚያስታውሰው በኋላ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ከአደባባዩ ጥግ ላይ። አብዛኛው ጎብኚ ከሐውልቱ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ድንጋዩን ሳያይ ያልፋል። በሳቫና ብዙ ነገር እንዲህ ነው፤ የቆመው ይታያል፣ የተተካው አይታይም።

«ከተማዋ ምንጊዜም ታሪኳን ስትንከባከብ የኖረች ናት»

ይህም ትክክል አይደለም። በ1954 የከተማዋ የድሮ የገበያ አዳራሽ ፈርሶ በኤሊስ አደባባይ ላይ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ተሠራበት። የዳቬንፖርት ቤት ደግሞ ለሌላ መኪና ማቆሚያ ሊፈርስ ሲል ሰባት ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው በ1955 አተረፉት፤ ዛሬ የምናየው የጥበቃ ሥራ የጀመረው ከዚያ ነው። ኤሊስ አደባባይ እንደገና አደባባይ የሆነው በ2010 ነው። ይህን ሳስብ አዲስ አበባ ውስጥ ስለፈረሱት አሮጌ ቤቶች ማሰቤ አይቀርም፤ ጥቂት ሰዎች በጊዜ ቢነሡ ምን ሊተርፍ እንደሚችል ሳቫና ማስረጃ ናት።

«ጄኔራል ሸርማን ያላቃጠላት በውበቷ ተማርኮ ነው»

በአስጎብኚ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ይሰማል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በ1864 መጨረሻ፣ ከሰሜኑ ጦር አዛዦች አንዱ የነበረው ዊልያም ሸርማን ከአትላንታ ተነሥቶ የባቡር ሐዲዱን፣ ጎተራውንና ፋብሪካውን እያወደመ ወደ ባሕሩ ገሰገሰ። ሳቫና ሲደርስ ግን አላቃጠለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የደቡቡ ጄኔራል ዊልያም ሃርዲ ዲሴምበር 20 ሌሊት በተንሳፋፊ ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ ሠራዊቱን አሸሸ፤ በማግሥቱ ከንቲባው ሪቻርድ አርኖልድ ከተማዋን ያለ ውጊያ አስረከቡ። ሸርማንም ለሠራዊቱ ስንቅና ጥይት የሚገባበት ወደብ ያስፈልገው ነበር። ለፕሬዚዳንት ሊንከን በላከው ቴሌግራም ሳቫናን የገና ስጦታ አድርጎ ሲያበረክት የጠቀሰው 150 መድፍ፣ ብዙ ጥይትና 25,000 ያህል እስር ጥጥ ነው። ስለ አበባና ስለ ዛፍ አንዲት ቃል አልጻፈም።

ይህ ተረት የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታላቅ ነገር ስለሚሸፍን ነው። ሸርማን ያረፈበት ግሪን ሜልድሪም ቤት አሁንም ማዲሰን አደባባይ ላይ ቆሟል። ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ምሽት ሸርማንና የጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን በዚያ ቤት 20 ጥቁር የሃይማኖት መሪዎችን ተቀብለው አነጋገሩ። አብዛኞቹ ባሪያ ሆነው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቃል አቀባያቸው ጋሪሰን ፍሬዚየር ለራሱና ለሚስቱ ነፃነት 1,000 ዶላር በወርቅና በብር የከፈለ የ67 ዓመት አዛውንት ነበር። ራሳችሁን ችላችሁ ለመኖር ምን ያስፈልጋችኋል ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው መሬት ነው፤ በገዛ ጉልበታችን አርሰን የምንኖርበት መሬት። «መሬት ለአራሹ» የሚለውን መፈክር እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ መልስ ማብራሪያ አያሻውም። በአራተኛው ቀን ሸርማን 15ኛውን ልዩ የጦር ሜዳ ትእዛዝ አወጣ፤ ከደቡብ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ያለው የባሕር ጠረፍ መሬት ነፃ ለወጡ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ያህል፣ እየተሸነሸነ እንዲሰጥ። ዓመት ሳይሞላ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች እንዲመለስ አደረጉ። እስከ ዛሬ የሚነሣው የ«40 ኤከር» የካሳ ጥያቄ የተወለደው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ በየቀኑ ለጎብኚ ክፍት ስለማይሆን ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

«የጥቁሮቹ ታሪክ ለብቻው ነው፤ ጊዜ ከተረፈን እናየዋለን»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ከእኛ ሰዎች አፍ ስሰማው ደግሞ ያመኛል። በሳቫና ውስጥ «የጥቁር ታሪክ» ተብሎ ተለይቶ የሚቀመጥ ነገር የለም። ቤቱን የሠራው፣ ሩዙን የዘራው፣ ጥጡን የጫነው ማን ሆነና!

ጆርጂያ ስትቆረቆር ባርነት አልነበራትም፤ በ1735 በሕግ ተከለከለ። ነገር ግን ጎረቤት ደቡብ ካሮላይና በባሪያ ጉልበት በሩዝ ስትበለጽግ ያዩ ሰፋሪዎች ጎተጎቱ፣ ክልከላውም በ1751 ተነሣ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ውብ ቤት ሁሉ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። በ1819 የተጠናቀቀው የኦወንስ ቶማስ ቤት ይህንን ሳይሸፋፍን ያሳያል፤ ጉብኝቱ በጓሮ ካለው የባሪያዎች መኖሪያ ይጀምርና ወደ ጌቶቹ ሳሎን ይዘልቃል። ባሪያዎቹ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባቸው በጣሪያው ላይ የቀቡት ሰማያዊ ቀለም አሁንም አለ።

ከዚያ ወደ ፍራንክሊን አደባባይ። ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት የተባለው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከአሜሪካ ቀደምት የጥቁር ጉባኤዎች አንዱ ናቸው፤ አሁን ያለው ሕንፃ በ1859 ተጠናቀቀ። የሠሩት ራሳቸው ምእመናኑ ናቸው፤ ቀን ለጌታቸው ሲለፉ ውለው ማታ ማታ። በታችኛው ወለል ላይ በአልማዝ ቅርጽ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት እንደሚለው ከወለሉ ሥር ለተደበቁ አምላጮች አየር ማስገቢያ ነበሩ። በዚያው በ1859፣ በማርች ወር፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ፒርስ በትለር የተባለ ባለርስት ዕዳውን ለመክፈል ከ400 በላይ ሰዎችን በሁለት ቀን ሸጠ። የተሸጡት ሰዎች ዘሮች «የለቅሶው ጊዜ» ብለው ይጠሩታል። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጎ በዚያ ወለል ላይ የቆመ ሰው ሳቫናን አየ ማለት ይችላል። የቤተ ክርስቲያኑ ጉብኝት በክፍያ ነው፤ የእሑድ ጸሎት ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

እዚያው አደባባይ ላይ ያለው ሐውልት ደግሞ በ1779 ከብሪታንያ ጦር ጋር በሳቫና ለተዋጉት ከ500 በላይ የሄይቲ ነፃ ጥቁር ወታደሮች የቆመ ነው። ጊዜ ያለው በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና የሚገኘውን ራልፍ ማርክ ጊልበርት የሲቪል መብት ሙዚየም ይጨምር። በ1960 ወጣቶች ነጮች ብቻ በሚስተናገዱባቸው የምሳ ቦታዎች ቁጭ አሉ፤ ነዋሪውም በፖስታ አመላላሹ ደብልዩ ደብልዩ ሎው መሪነት ከብሮተን ጎዳና ሱቆች መግዛት አቆመ። ከተማዋ በ1963 የዘር መለያየትን ስታቆም ይህን የሚከለክለው የአገሪቱ ሕግ ገና አልወጣም ነበር።

«በዛፎቹ ላይ የተንዠረገገው ግራጫ ነገር ዛፉን እየገደለው ነው»

አይገድለውም። ከአናናስ ቤተሰብ የሆነ ተክል ነው፤ ምግቡን ከአየርና ከዝናብ ያገኛል፣ ከዛፉ የሚፈልገው መንጠልጠያ ብቻ ነው።

«ልጆች ትምህርት ሲዘጉ መሄድ ይሻላል»

ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ከወበቅ ጋር ተደምሮ ከሰዓት በኋላ በእግር መሄድን ከባድ ያደርገዋል፤ ሌላ ምርጫ የሌለው በጠዋት ይውጣ። ምርጡ ጊዜ ማርችና ኤፕሪል፣ እንዲሁም ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው፤ እርግጥ እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ትንበያ መከታተል ይገባል። በማርች 17 ግን የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰልፍ አለ። ከተማዋ ጢም ብላ ትሞላለች፣ ሆቴል ይወደዳል፣ መጠጥ በየመንገዱ ነው። ሕፃናት የያዘ ሰው ያንን ሳምንት ይዝለል።

«የደቡብ ምግብ ጎመንና ባቄላ ስለሆነ ለጾመኛ አያስቸግርም»

ምርጡ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጣጠም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለጎመን ወጥ የምንገዛው ኮላርድ በእርግጥ የአካባቢው ዋና ምግብ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኛው የሚቀቀለው በጭስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው። ሥጋው ወጥቶ ቅጠሉ ብቻ ስለሚቀርብ በዓይን አይታወቅም። ባቄላውና አደንጓሬውም እንዲሁ። ቀይ ሩዝ የሚባለው ብዙ ጊዜ ቋሊማ አለበት፤ ብስኩቱ ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ፣ የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና ወተት፣ ግሪትስ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ቅቤና አይብ። ሙስሊም ወገኖቻችንም መጠየቅ ያለባቸው ይህንኑ ነው። አስተናጋጁን «ሥጋ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ብዙዎች መረቁን ከሥጋ ስለማይቆጥሩት «የለውም» ይላሉ። «በምን ተቀቀለ? በምን ዘይት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በጨው ውኃ የተቀቀለ ለውዝ ከነልጣጩ በየመንገዱ ይሸጣል፤ እርሱ ያለ ስጋት ይበላል። ጾሙን አጥብቆ የሚይዝ ቤተሰብ ምድጃ ያለው ማረፊያ ተከራይቶ ሽሮውንና እንጀራውን ከአትላንታ ይዞ ይሂድ፤ ቅዳሜ ጠዋት በፎርሳይት መናፈሻ በሚቆመው የገበሬዎች ገበያ ትኩስ ጎመን አይጠፋም።